አሥር ቡሎን፣ ሰባት እጅ

ባለፈው ሳምንት ከኦምዱርማን ካርቱም ሁለት ወደሚባለው ሰፈር ስሻገር የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ድልድዩን እንደጨረሰ ከፊቱ በኩል ነጭ እንፋሎት መትፋት ጀመረና ሹፌሩ «መዐሌሽ ያ ጀማዓ» ብሎ ይቅርታ እየጠየቀ ዳር ያዘ። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወርዶ ጥላ ፍለጋ ሲበታተን እኔ ከመኪናው አጠገብ ቀረሁ፤ አንድም ጉልበቴን ስለሚያመኝ፣ አንድም ሹፌሩ ጨርቅ በእጁ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሲከፍት የወጣው ሽታ ስለያዘኝ። የፈላ ዝገት ሽታ ነው፤ የጋለ ጎማና የአሮጌ ዘይት ሽታ የተጨመረበት፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር፣ ሳንቲም ምላስ ላይ ያስቀመጡ ያህል የሚጎመዝዝ። እኔ ትዝታ የምወድ ሰው አይደለሁም፤ ሰው «ትዝ ይልሻል?» ብሎ ሲጀምረኝ ወሬ ሊያስረዝምብኝ ነው ብዬ በር በሩን አያለሁ። አፍንጫ ግን ፈቃድ አይጠይቅም። ሹፌሩ ውሃ ከየት ላምጣ እያለ ሲንቆራጠጥ እኔ አርካዊት ሰፈር፣ ከድሮ ቤታችን በር ፊት ለፊት፣ ከኒሟ ዛፍ ሥር፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ቆሜ ነበር።

ቤታችን ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነበር። ግቢው ከቤቱ ይሰፋል፤ በካርቱም ሙቀት ሰው የሚኖረው ግቢ ውስጥ ነው፣ ክፍሎቹ ለልብስና ለአቧራ የተሠሩ ናቸው። አባቴ ሰይድ ይባላል፤ በልጅነቱ ወሎ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ጋራዥ ገብቶ ሙያ ተማረ፣ ኋላ ሱዳን ተሻግሮ የሰው መኪና ሲነዳ ኖረ፣ በመጨረሻም አንዲት ያረጀች ቢጫ ታክሲ የራሱ አደረገ። ያረጀች ስል በትህትና ነው፤ እሱ ራሱ «በዕድሜ ታላቄ ናት፣ አንቺ አልላትም» ይል ነበር። የኋላ በሯ ከውስጥ ስለማይከፈት አባቴ ተሳፋሪ ባደረሰ ቁጥር ወርዶ፣ ዞሮ፣ በሩን እንደ ሚኒስትር ሹፌር ይከፍትላቸዋል፤ እነሱም ጨዋነት መስሏቸው መርቀውት ይሄዳሉ። እናቴ ዘሀራ ደግሞ ካርቱም ሁለት ውስጥ ሰው ቤት ትሠራለች። ጠዋት እሱ ያደርሳታል፣ ማታ እሱ ይመልሳታል። ከሰፈሩ የወሎ ሴቶች መሃል ወደ ሥራ በታክሲ የምትሄድ እሷ ብቻ ነበረች፣ ይህንንም ደብቃ አታውቅም።

አባቴ ስለ ሞተር ሲያወራ መምህር ይሆናል። ለጠየቀውም ላልጠየቀውም፣ ከሁሉ ይልቅ መሸሻ ለሌለኝ ለእኔ፣ እንዲህ እያለ ያስረዳ ነበር። ሞተር ሁለት ነው፤ ታች ያለው ገላው፣ ላይ ያለው ቴስታታው፣ ማለትም ራሱ ነው። በሁለቱ መሃል ከካርቶን እምብዛም የማይወፍር ጓርኒሲዮን የሚባል ነገር አለ፣ እሳቱን ከውሃው፣ ውሃውን ከዘይቱ የሚለይ። እሱ የተቃጠለ ዕለት ውሃና ዘይት ይጋባሉ፣ ከነሱ ጋብቻ ደግሞ ደህና ልጅ አይወለድም። ጓርኒሲዮን መቀየሩ ሙያ አይደለም፣ ማንም ይቀይረዋል፤ ሙያው ቴስታታውን መልሶ ማሰሩ ነው። አሥር ቡሎኖች አሉ፤ ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እየተሻገሩ፣ በሦስት ዙር ይጠብቃሉ። አንዱ ጠብቆ ሌላው ከላላ ጓርኒሲዮኑ በላላው በኩል ይቃጠላል። ትልልቅ ጋራዦች የጥብቀቱን ልክ የሚያሳይ መፍቻ አላቸው፤ እኛ ቤት አልነበረም። አባቴ የነበረው የኮምቦልቻው አለቃው ያወረሰው ሕግ ነው፦ መለኪያ የሌለው ሰው ቴስታታን በአንድ እጅ ብቻ ያጠብቃል፤ ያው ክንድ፣ ያው ብረት ከሆነ፣ ልኩ ቢሳሳት እንኳ በሁሉም ላይ እኩል ይሳሳታል።

እጁ አንድ ይሁን እንጂ ሥራው የሁለት ሰው ነበር። አባቴ ጎንበስ ብሎ መፍቻው ላይ ሲንጠለጠል ስንተኛው ቡሎን ላይ እንዳለ ይጠፋዋል፤ ስለዚህ እናቴ በየቡሎኑ አጠገብ በጠመኔ ከአንድ እስከ አሥር ትጽፍና በርጩማ ስባ ተቀምጣ ተራውን ትጠራለታለች። መጥራት ብቻም አይደለም። አባቴ ሲያጠብቅ ያቃስታል፣ እናቴ ደግሞ በማቃሰቱ ትለካዋለች። «አምስት ላይ ጨምርለት» ትለዋለች፤ «ለአራት እንዲህ አላቃሰትክም።» እሱም ሳይከራከር ይጨምራል። ሰይድ በሙያው ሰው የሚሰማው ያን ሰዓት ብቻ ነው። ይህን ደግሞ ጎረቤት አያውቅም ነበር፤ ቡሎን የሚያጠብቁት ሁልጊዜ ቀትር ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ በር ዘግቶ በተኛበት ሰዓት ነው፣ ምክንያቱም አባቴ ሚስቱ ሥራ ስታዘው እንዲታይ አይፈልግም።

በዚያ ዓመት የአቧራው ወራት አልፎ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ከደሴ ስልክ መጣ። ስልክ በቤታችን ስላልነበረ ጥግ ላይ ካለው ስልክ ቤት ሰው ተልኮ፣ እናቴ የተጠቀለለችበትን ቶብ እየጎተተች ሮጣ፣ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። የደወለው ወንድሟ አሕመድ ነው፤ እናታቸው ታማለች፣ ሐኪሙም ወደ ቤት ውሰዷት ብሏል፣ እሷም ቀን ከሌት የምትጠራው ዘሀራን ነው። እናቴ ከደሴ ከወጣች አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። አያቴ እኔን በፎቶ ብቻ ነው የምታውቀኝ፤ ፎቶው ላይ ደግሞ ጥርሴ ወልቆ ነበርና ጥርሷ በቀለ ወይ እያለች ታስጠይቅ ነበር። የእናቴ አሠሪ አሥራ ሁለት ቀን ፈቀደችላት፤ አሥራ ሦስተኛው ቀን ላይ ካልተመለሰች ሌላ ሠራተኛ እንደምትፈልግም በደግ ፊት ነገረቻት። እናቴ በጣቷ ቆጠረች። ቅዳሜ ከተነሳን ማክሰኞ ማታ ደሴ እንገባለን፤ ለአሕመድም ይህንኑ አስነገረችው።

በአውቶቡስ መሄድ ይቻል ነበር። እናቴም ያሰበችው እንደዚያ ነው፤ ሻንጣዋን አሥራ፣ ለእናቷ ሁለት ብርድ ልብስና አንድ ጠርሙስ ሽቶ ገዝታ፣ የመነሻውን ሰዓት ጠይቃ ጨርሳለች። አባቴ ግን እስከ ድንበሩ፣ እስከ ገላባት ድረስ፣ በራሴ መኪና ካላደረስኳችሁ አለ። የታክሲ ባለቤት ሚስት ከነሻንጣዋ አውቶቡስ ስትጋፋ ብትታይ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ነው። ሰው ምን ይለኛል፤ ቤታችንን የምታስተዳድረው ይህቺ ሦስት ቃል ነበረች። የእንግዳ ማረፊያ የሆነው ጥሩው አልጋ፣ በበዓል እኛ ሳንቀምሰው ለጎረቤት የሚዞረው ሥጋ፣ ሁሉም በእሷ ትእዛዝ ነው የሚሆነው። እናቴ «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» ትለዋለች፤ እሱም ይስቃል፣ ምስጋና ይመስለው እንደሆነ አላውቅም።

ልንነሳ ሦስት ቀን ሲቀረን፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ አባቴ የዘይት መለኪያዋን ብረት መዝዞ አይቶ ቆሞ ቀረ። ዘይቱ ወተት የተጨመረበት ሻይ መስሏል። እናቴም መጥታ አየች፤ ከመኪና ጋር ስትኖር ስንት ዓመቷ ነው፣ ማስረዳት አላስፈለገም። «እንግዲህ አውቶቡሱ ይሻላል» ብቻ አለች። አባቴ ሐሙስ እከፍታታለሁ፣ አርብ እዘጋታለሁ፣ ቅዳሜ እንወጣለን ብሎ መለሰ፤ እውነቱን ለመናገር ሊያደርገውም ይችል ነበር፣ እጁ ላይ ማንም አቃቂር አያወጣለትም። ሐሙስ በጠዋት ውሃዋን አፈሰሰ፣ ሽቦና ቱቦዋን እየፈታ በየተራ ደረደረ፣ አሥሩን ቡሎኖች ካርቶን በስቶ በተራቸው ሰካቸው፣ ቴስታታዋንም አውልቆ ልክ እንደ ሕፃን አቅፎ አሮጌ ምንጣፍ ላይ አስተኛት። ጓርኒሲዮኑ አንድ ቦታ ላይ ጠቁሮ፣ ተበልቶ ነበር። አዲሱን ፍለጋ ኦምዱርማን ገበያ ሄዶ ማታ ሲመለስ በሁለት ካርቶን መሃል አድርጎ፣ እንዳይታጠፍ በሁለት እጁ ይዞት፣ በአውቶቡሱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ወድቄ እሱን አላስነካሁም እያለ ገባ።

አርብ ከጠዋቱ ጀምሮ የሞተሩንና የቴስታታዋን ፊት በምላጭ ሲፍቅ ዋለ። ከድሮው ጓርኒሲዮን ቅሪት አንዲት ቅንጣት ብትቀር ውሃው በእሷ በኩል መንገድ ያገኛል ብሎ፣ የመስኮት መስታወት አንስቶ ቴስታታዋ ላይ እያስተኛ፣ ከሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ በአንድ ዓይኑ እያየ፣ እንደገና እየፋቀ። የጁምዓ ሰዓት ደርሶ ሄዶ ሰግዶ መጣና ቀጠለ። ቀትሩ እዚያ ላይ አለቀ። እናቴ በርጩማዋን ስባ የተቀመጠችው ሰፈሩ ከእንቅልፉ ሊነሳ ጥቂት ሲቀረው ነው። አንደኛውን ዙር ጨረሱ። ሁለተኛውንም እሷ እየጠራች፣ እሱ እያቃሰተ፣ እኩል በእኩል ጨረሱት። ሦስተኛውና ዋናው ዙር ሊጀመር ሲል የከሰዓቱ፣ የዐስር ሶላት አልቆ ሰዎች ከመስጊድ መውጣት ጀመሩ፤ እናቴም ድምፃቸውን ሰምታ በርጩማዋን አንስታ ወደ ግቢ ገባች።

በሱዳን ጎረቤት ሲሠራ እያዩ ማለፍ ነውር ነው። ነፊር ይሉታል፤ ወሎ ደቦ የሚባለው ነው፣ ልዩነቱ ደቦ ጠርተውት ይመጣል፣ ነፊር ሳይጠሩትም ይመጣል። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ሐጅ ኡስማን የባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ከዐስር እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትገባ፣ በራቸው ላይ በጠፍር አልጋቸው ተቀምጠው መንገዱን የሚጠብቁ፣ ጠላት የሌላቸው፣ አባቴ ሱዳን ከገባ ጀምሮ እንደ አባት ያዩት ሰው ናቸው። ዘሀራ የታመመች እናቷን ልታይ ነው መባሉን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ሐጅ ኡስማን መጡ፣ መምህሩ ጎረቤታችን መጣ፣ ዳቦ ጋጋሪው ከነዱቄቱ መጣ፣ ሌሎች ሦስት ሰዎችም መጡ፤ ጀለቢያቸውን ሰብስበው መኪናዋን ከበቧት። ሐጅ ኡስማን መፍቻውን ከአባቴ እጅ በፈገግታ ተቀበሉና፣ በሕመምተኛ ጥየቃ ውስጥ እጁ የገባ ሰው ከአላህ ዘንድ ድርሻ አለው፣ እያንዳንዳችን አንድ አንድ እናጥብቅላችሁ አሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ፤ ሎሚ ላይ እውነት ነው።

እኔ የአባቴን ፊት እያየሁ ነበር። አንዲት ቃል ብትወጣው ያበቃ ነበር፤ አመሰግናለሁ ያ ሐጅ፣ ይህ ሥራ ግን አንድ እጅ ብቻ ነው የሚፈልገው ቢል ማንም አይቀየመውም፣ ቢቀየሙም ከነገ ወዲያ ይረሱታል። አፉ ተከፈተ። የወጣው ግን «ተፈደሉ» የሚል ነበር፤ ግቡ፣ ያዙ፣ እንዳላችሁ ማለት ነው። ሐጅ ኡስማን ቁጥር አንድን፣ የመሃሉን፣ ቢስሚላህ ብለው በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ነካ አደረጉትና ጨረስኩ አሉ። መምህሩ ልብሱን እየጠበቀ መፍቻውን በሁለት ጣቱ የያዘው ይመስል የራሱን አጠበቀ። ዳቦ ጋጋሪው በተቃራኒው ሰባተኛውን ይዞ ብረቱ እስኪጮህ ድረስ ተንጠለጠለበት፤ ሰዎቹም ጎበዝ አሉት። ስድስቱ ሰዎች ስድስት ቡሎን ከያዙ በኋላ የተረፉት አራቱ ለአባቴ ደረሱት። አሥር ቡሎን፣ ሰባት እጅ። የእናቴ ጠመኔ ቁጥሮች በሰው መዳፍ ተጠርገው ጠፉ። ዱዓ ተደረገ፣ ሻይ ተጠጣ፣ እናቴ ራሷ አፍልታ አቀረበች።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ መኪናዋ ተነሳች፣ ድምፅዋም ደህና ነበር። እናቴ ብርጭቆ እየሰበሰበች ቀስ ብላ «አላላውና እንደገና እሰረው፣ እኔ እጠራልሃለሁ» አለችው። አባቴ አገጩን ወደ መንገዱ አሳያት፤ ሐጅ ኡስማን በጠፍር አልጋቸው ላይ ናቸው፣ ፊታቸው ወደኛ ነው። በእጃቸው ያሰሩትን ዓይናቸው እያየ ስፈታ ምን ልላቸው ነው አላት። በጨለማ ስለማይሠራ እሺ ጠዋት አለች። ጠዋት ሱብሒ ሰግደው እዚያው እንደሚቀመጡ ራሷም ታውቃለች። በመጨረሻ አባቴ አንድ መላ አገኘ፣ በመላውም ደስ አለው፦ ነገ ከከተማው ወጥተን ሶባን ስናልፍ፣ ሰው በማያውቀን ቦታ፣ መንገድ ዳር አቁሞ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ሁሉንም በአንድ እጁ እኩል ያደርጋቸዋል። አዋቂ ሰው የገዛ መኪናውን ለመጠገን ከጎረቤት ተደብቆ ከከተማ ሲወጣ እስቲ አስቡት። ለእናቴ ግን ይህም ቢሆን ተስፋ ነበር፤ መፍቻውንና ረጅሙን ብረት ከመቀመጫዋ ሥር አስገብታ ጠመኔ በቦርሳዋ ያዘች።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሻንጣ ጭነን በሩን ስንከፍት ሐጅ ኡስማን አዲስ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አሥረው፣ ትንሽ ቦርሳ ይዘው ከመኪናዋ አጠገብ ቆመዋል። ልጃቸው ወድ መዳኒ ከተማ ነው ያገባችው፣ መንገዳችን በዚያ ስለሆነ እስከዚያ ያጫውቱናል። በዚያ ላይ አንድ ሽማግሌ አብሮ ካለ ኬላ ላይ ፖሊስም አያስቸግርም አሉ፤ ለኛ ተጨንቀው ነው። አባቴ ሄዶ የፊቱን በር ከፈተላቸው። እናቴ ከኋላ ከኔ አጠገብ ተቀመጠችና መስኮት መስኮቱን አየች። ሶባን አለፍን። አባቴ በመስታወቱ ውስጥ እናቴን አያት፤ ሐጅ ኡስማን ጉልበቱን መታ መታ እያደረጉ የወጣትነታቸውን የባቡር ታሪክ እየነገሩት ነው። ትንሽ ቆይቶ ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው ካለ ላቁም ብሎ ጠየቀ፤ ሐጅ ኡስማን አላህ ይስጥህ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ንዳ አሉት። ነዳ።

መኪናዋ ያቃታት ከሐሳሒሳ ወዲያ፣ መዳኒ የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ሲቀረን ነው። መጀመሪያ የሙቀቱ መርፌ ወጣ፣ ቀጥሎ ያ ሽታ መጣ፣ ከዚያ ነጭ ጭሱ የኋላውን መስታወት ሸፈነው። አባቴ ወርዶ ክዳኑን ሲከፍት ሐጅ ኡስማን ከጎኑ ቆመው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይን ነው አሉ፤ ሰባት ሰው ተባብሮ ሲሠራ ያየ ምቀኛ አለ። አባቴ «ልክ ነው ያ ሐጅ» አለ። እናቴ ከመኪናዋ አልወረደችም። አንድ የጭነት መኪና በገመድ ጎትቶ መዳኒ አገባን፤ ገመዱ በተወጠረ ቁጥር ሐጅ ኡስማን ለአባቴ አነዳድ ይመክሩት ነበር።

እናቴ መዳኒ ስንገባ የጠየቀችው የአውቶቡስ መናኸሪያውን ነው። ግን ከሐጅ ኡስማን ጋር መጥቶ የልጃቸውን ቤት ሳይረግጡ ማለፍ የሚባል ነገር የለም። አማቻቸው በር ላይ ተቀበለን፣ በግ ታረደ፤ እናቴ በአባቴ በኩል የነገውን አውቶቡስ ስታስጠይቅ ሰውየው ሦስት ቀን እንግዳዬ ሳትሆኑ ብትወጡ ሚስቴ ትፈታ ብሎ ማለ። እዚያ አገር እንዲህ ይማላል፤ እንግዳ አጥብቆ መያዣ ነው። አባቴ አንገቱን ደፋ። በሰው ትዳር እንዴት እንፍረድ አላት፣ መኪናዋንም ነገ እሠራታለሁ አለ። ጓርኒሲዮኑ ደግሞ ለዚያች አሮጊት የሚሆን መዳኒ ገበያ ጠፋ፤ ከኦምዱርማን እስኪመጣ መጠበቅ ሆነ። እሑድ ሥጋ በላን፣ ሰኞም ሥጋ በላን። የእናቴ ሰሐን እንደተቀመጠ ይነሳል። ሰኞ ማታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ፈትቷት ቢሆን ኖሮ ደርሼ ነበር» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ አልሳቀችም።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስቱ ቀን ሳይሞላ፣ እናቴ ሻንጣዋን ራሷ አነሳች። ለማንም አልተናገረችም፣ ለሐጅ ኡስማን ልጅ ብቻ ነው የነገረቻት፤ ስለ መሐላውም ይቅርታ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ምን አለቻት፦ «እኔ ሰውዬው በየእንግዳው ስፈታ ስንት ዓመቴ ነው፣ ይኸው አለሁ፤ ያላ፣ እናትሽ ጋ ሂጂ።» ከዚያ ሻንጣውን በአንድ በኩል ይዛ እስከ መናኸሪያው ሸኘችን። አባቴ መውጣታችንን ሰምቶ ደርሶ ቲኬቱን ቆረጠ፣ ሻንጣውን ጫነ፣ መስኮቱ ሥር ቆሞ አንድ ነገር ሊናገር ሲዘጋጅ አውቶቡሱ ተነሳ። ከመጀመሪያው ልንሄድበት ይገባን የነበረው አውቶቡስ ነው። በመንገዱ ሁሉ አንድ ቡሎን አልላላበትም።

ገዳሪፍ፣ ገላባት፣ መተማ፣ ጎንደር። አርብ አመሻሽ ላይ ደሴ መናኸሪያ ስንገባ አጎቴ አሕመድ ቆሞ ነበር። ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ በየቀኑ እየመጣ፣ ከጎንደር በኩል የሚገባውን አውቶቡስ ሁሉ እየጠበቀ፣ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት ሲያይ ከርሟል። ራሱ ላይ ያሠረውን የሐዘን ጨርቅ አይታ እናቴ ደረጃው ላይ ቆመች፣ ከኋላዋ ያለው ሰው ውረጂ እንጂ ይላታል። አያቴ የሞተችው ረቡዕ ጠዋት ነው፣ ያኑ ቀን ተቀበረች። ማክሰኞ ማታ ዘሀራ መጣች ወይ ብላ ጠይቃ፣ መንገድ ላይ ናት ሲሏት ፋኖሱን አታጥፉት፣ በጨለማ እንዳትገባ ብላ ነበር። አጎቴ ይህን ባይነግራት ይሻል ነበር፤ ግን ሐዘንተኛ ነው፣ የሰማውን ሁሉ ነገራት። እናቴ ሁለት ቀን ተቀመጠች፤ ብርድ ልብሶቹን ለለቅሶ ለመጡት አሮጊቶች ሰጠች፤ እኔንም መቃብሩ ጋ ወስዳ አሳየችኝ። ከዚያ ፈቃዷ ሊያልቅ ስለሆነ ተመለስን።

አባቴ መኪናዋን ይዞ አርካዊት ጠበቀን። አዲሱን ጓርኒሲዮን መዳኒ ላይ ብቻውን፣ በአንድ እጁ፣ ጠሪ ሳይኖረው አጥብቆት ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ሠራ። የደረስን ዕለት ጎረቤቶቻችን ለቅሶ ሊደርሱን መጡ። መንገዱ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ያው ሰዎች፣ ሐጅ ኡስማን፣ መምህሩ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ሁሉም ለሟቿ ፋቲሐ እየቀሩ ተቀመጡ። ሐጅ ኡስማን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ሁላችን እጃችንን አስገብተን ነበር፣ አላህ ግን ያለው ሆነ አሉ። ከልባቸው ነው ያዘኑት፤ ዛሬም ስለዚያ አልጠራጠርም። እናቴ በሩ ላይ ሆና «አላህ ይስጥልን ያ ሐጅ፣ ደክማችሁልናል» አለቻቸው።

ሰዎቹ ተነስተው ምንጣፉ ሲጠቀለል፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ግቢ ውስጥ ሦስታችን ቀረን። እናቴ ቶቧን አወለቀች፣ አጠፈችው፣ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ሰይድ» አለችው፤ «እነሱ እንዳይቀየሙህ በጣም ተጠነቀቅክ። እኔ የቤት ሰው ነኝ፣ አልቀየምም ብለህ ነው አይደል?»

አባቴ ጥፍሩ ሥር የቀረውን ጥቁር ዘይት ነካካ። ዓይን ነው ሊል ይችል ነበር፣ የአላህ ፈቃድ ነው ሊልም ይችል ነበር፣ ሁለቱንም በዚያው ዕለት ሲሰማቸው ውሏል። «አዎ» አላት። ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል አልተናገሩበትም። ሌላ አሥራ ስምንት ዓመት አብረው ኖሩ፣ ብዙ ጊዜም ይሳሳቁ ነበር፤ እሷ ግን ዳግመኛ ተራ ጠርታለት አታውቅም፣ እሱም ጠይቋት አያውቅም።

አሁን አባቴ የለም። ሐጅ ኡስማን ከሱ በፊት ሄዱ። የቀሩትን የካርቱሙ ጦርነት በታተናቸው፤ አንዱ ግብፅ ነው ይባላል፣ ዳቦ ጋጋሪውን ያየ የለም። የአርካዊቱን ቤት ሄጄ አይቼዋለሁ፤ በሮቹ ተነቅለዋል፣ መንገዱ ላይ የሚቀመጥ ሰው የለም፣ ኒሟን ማገዶ አድርገዋታል። ዛሬ ኦምዱርማን በተከራየነው ቤት ጎረቤቴን በስሙ አላውቀውም፤ ሥራዬን መጥቶ የሚያበላሽብኝ የለም፣ የምፈራው ይሉኝታም የለኝም። ይህን ነፃነት ነው ልለው ሞክሬ ነበር፤ አፌ እሺ አላለኝም። በዚያን ቀን በእነዚያ ሰዎች ላይ የነበረኝ ንዴት ጠፍቷል፤ የሚናደዱበት ሰው ሁሉ ሲያልቅ ንዴትም ሥራ ይፈታል። እናቴ ከኔ ጋር ናት፤ ጆሮዋ ደክሟል፣ ቀን ታምታታለች፣ ያለፈውን የምትቆጥረው በሰው ሞት ነው። ሰይድ የሞተ ጊዜ፣ ሐጅ ኡስማን የሞቱ ጊዜ ትላለች። ስለ እናቷ ግን የሞተች ጊዜ ብላ አታውቅም። ያልደረስኩላት ጊዜ ነው የምትለው።